ለፖሊስ ኤክስፕሎረር ወላጆች የሚሆን ጽሑፍ፦ ሁለት ቦታ ላይ ተጣብቀናል

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ልጃቸውን ፖሊስ ኤክስፕሎረር (ታዳጊዎች ከፖሊሶች ጋር ሆነው የፖሊስ ሥራን የሚማሩበት ፕሮግራም) ለሚያስገቡ ወላጆች የአንድ ገጽ ማሳሰቢያ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ፕሮግራሙ 14 ዓመት የሞላቸውን ይቀበላል። ስለ ወንጀል ፍትሕ የሚዘግበው የዜና ድርጅት ማርሻል ፕሮጀክት በ2024 ባወጣው ምርመራ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ በኤክስፕሎረር ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃትና ተገቢ ያልሆነ ድርጊት ፈጽመዋል በሚል በአብዛኛው በፖሊሶች ላይ የቀረቡ ወደ 200 የሚጠጉ ውንጀላዎችን ቆጥሯል። ዋናው ክፍተት የፓትሮል ጉዞው ነው፦ አንድ ፖሊስ፣ አንድ ልጅ፣ አንድ መኪና፣ አንዳንዴም ሌሊት።

የመጀመሪያው ችግራችን «ግሩሚንግ» (አዋቂ ሰው ልጅን ለወሲባዊ ጥቃት ሲያመቻች ቀስ በቀስ አመኔታዋን የሚያገኝበት መንገድ) የሚለውን ቃል መተርጎም ነው። «ማባበል» ስንለው እናት ለልጇ የምታደርገው ይመስላል። «ማማለል» ደግሞ ልጅቷን ፈቃደኛ ያስመስላታል። «ማጥመድ» ይሻላል፤ ግን ወራት የሚፈጀውን ስጦታ፣ ምስጢርና «ሥራ አስገባሻለሁ» የሚል ተስፋ አያሳይም።

ሁለተኛው ማስረጃ አያያዝ ነው። ስናፕቻት ስክሪንሾት ሲነሳ ለላኪው ያሳውቃል፤ ስለዚህ መልእክቱን በሌላ ስልክ ፎቶ አንሱ ብለናል። የልጅ እርቃን ምስል ካለበት ግን ማንሳትም ማስተላለፍም ራሱ በሕግ ሊያስጠይቅ ስለሚችል፣ ስልኩን ምንም ሳይነኩ ማስቀመጥ ይሻላል። እነዚህን ሁለት ተቃራኒ ትእዛዞች ለደነገጠ ወላጅ በሦስት መስመር እንዴት እንጻፋቸው?

ጥቆማውን ፖሊሱ ወደሚሠራበት ጣቢያ ሳይሆን ወደ ኤፍቢአይ ወይም ወደ 1-800-843-5678፣ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል፣ እንዲያደርሱ ጽፈናል። ይህ ክፍል አላስቸገረንም።

በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ወይም በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ለ«ግሩሚንግ» ምን ትላላችሁ?