ኤክሴል የ16 አሃዝ ቁጥር መጨረሻን ለምን 0 ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ሲኤስቪ ፋይል (መረጃው በኮማ የተለያየ የጽሑፍ ፋይል) ስከፍት 1234567890123456 የነበረው 1234567890123450 ሆነ። ሴሉን ወደ ቴክስት ብቀይረውም አልተመለሰም።

መልስ፦ አይመለስም። ኤክሴል የሚይዘው 15 አሃዝ ብቻ ስለሆነ ቀሪው ፋይሉ ሲከፈት ጠፍቷል። ሴቭ ካላደረግከው ግን ዋናው ፋይል ደህና ነው። ደብል ክሊክ አድርገህ አትክፈተው፤ ዳታ በሚለው ሜኑ በኩል አስገባና ከመጫኑ በፊት የዓምዱን ዓይነት ቴክስት አድርገው።

መልስ፦ ዳታቤዝም ላይ ተጠንቀቅ። ባለ 4 ባይት ፍሎት (ቁጥርን በግምት የሚይዝ የዓምድ ዓይነት) 16777217ን 16777216 አድርጎ ያስቀምጣል። ደብል (ባለ 8 ባይቱ ፍሎት) ሙሉ ቁጥሮችን ሳያዛባ የሚይዘው እስከ 9007199254740992 ነው። ለገንዘብ ዴሲማል (18,2)፣ ማለትም በጠቅላላ 18 አሃዝ፣ ከነጥብ በኋላ 2 አሃዝ በትክክል የሚይዘው ዓይነት ይሻላል።

መልስ፦ መለያ ቁጥር ከሆነማ ዴሲማል ምን ያደርግለታል? አይደመር፣ አይባዛ! ቫርቻር (የጽሑፍ ዓይነት) አድርገው፤ ከፊት ያለው 0ም አይጠፋም።