በፖድካስት ምርመራ የሚተረክ የወንጀል ልቦለድ፦ ምስጢሩ የት ይደበቅ?

ጠያቂ (ከሐዋሳ)፦
በከተማችን የሚፈጸም የወንጀል ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ተራኪዋ የፖድካስት አዘጋጅ ስትሆን፣ ከዓመታት በፊት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው አሞራ ገደል አጠገብ ሞቶ የተገኘን የዓሣ አስጋሪ ጉዳይ እንደገና ትመረምራለች። እያንዳንዱ ምዕራፍ የአንድ ዝግጅት ሙሉ ጽሑፍ ነው። የተቸገርኩት ግን፣ አዘጋጇ የደረሰችበትን ሁሉ ለአድማጮቿ ስለምትናገር፣ አንባቢ በራሱ የሚደርስበት ነገር በመጥፋቱ ነው። አንባቢን ሳላታልል ምስጢሩን እንዴት ላቆየው?

ምላሽ 1፦
ፖድካስት ተቆርጦና ተቀጣጥሎ የሚቀርብ ሥራ ስለሆነ፣ ከተቀዳው ድምፅ አድማጭ ዘንድ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ከተሰራጨው ጎን ያልተሰራጨውን ቅጂም ያስነብቡን፤ አዘጋጇ ምን ቆርጣ እንዳስቀረች፣ ለምንስ እንዳስቀረችው መፈለግ ራሱን የቻለ ምርመራ ይሆናል። ለምሳሌ አንድ ምስክር በዚያ ማለዳ ሻሸመኔ እንደነበረ ይናገር፤ በዚያው ሰዓት በስልኩ በላከው የድምፅ መልእክት ውስጥ ግን ከንግግሩ ኋላ «ጀልባውን ሳበው!» የሚል ጥሪ ይሰማ። ጥሪውን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ በግልጽ ያስፍሩት፤ አንባቢ ልቡ በምስክሩ ቃል ስለሚያዝ ያልፈዋል፣ ኋላ ግን ተታለልኩ ሊል አይችልም።

ምላሽ 2፦
እኔ ደግሞ አዘጋጇ ፖሊስም ዐቃቤ ሕግም አለመሆኗ እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት እስኪረጋገጥበት ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት ሰጥቶታል፤ በፖድካስት ስሙ የተነሣ ሰው ግን ሳይከሰስ በጎረቤቱ ዘንድ ሊፈረድበት ይችላል። የሟች ቤተሰብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው ሲሪያል የተባለው የአሜሪካ ፖድካስት በ1999 ባልቲሞር ውስጥ የተፈጸመ የአንዲት ተማሪ ግድያ በ12 ክፍሎች መርምሮ ነበር። የተፈረደበት ሰው የጥፋተኝነት ውሳኔ በ2022 ሲሻር፣ የሟቿ ወንድም በችሎቱ ለመገኘት የሚያስችለው ማስታወቂያ በበቂ ጊዜ ስላልደረሰው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2023 የጥፋተኝነት ውሳኔው እንደገና እንዲጸና አድርጓል። የእርስዎ ዓሣ አስጋሪም እናት ይኖሩታል፤ ድምፃቸው እንዳይቀዳ የሚከለክሉበት ምዕራፍ ቢኖር መልካም ነው።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የእናቲቱ ክልከላ ራሱ ተቆርጦ ከቀረው ቅጂ መካከል እንዲሆን ወስኛለሁ። ታዲያ ያልተሰራጨውን ለአንባቢ የሚገልጠው ማን ይሁን?

ምላሽ 1፦
የድምፅ ኤዲተሩ ይሁን። ሁሉንም ቅጂ ደጋግሞ የሚሰማው እርሱ ነው፤ በሐይቁ ዳር ያደገ ከሆነ ደግሞ ጀልባው እንዲሳብ የተጣራው ማን እንደሆነ በድምፁ ይለየዋል።