መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የስድስት ወር ሕክምና፦ ማሳጠሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው ወይስ ወጪ ለመቀነስ?

ቦርከና (ጠያቂ)፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁም። ኮምቦልቻ ውስጥ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የሚተዳደረው ታናሽ ወንድሜ ለረጅም ጊዜ ሲያስለው ቆይቶ በአንድ ጤና ተቋም አክታው በማይክሮስኮፕ ታየለትና «ከቲቢ ነፃ ነህ» ተብሎ የሳንባ ምች መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። ሳሉም የሌሊት ላቡም ስላልተወው ደሴ ሄዶ በጂን ኤክስፐርት ሲመረመር ግን ቲቢ፣ ያውም ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና የቲቢ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ እንዳለበት ተነገረው። አሁን አራት ዓይነት ክኒን ለስድስት ወር እንደሚወስድና መርፌ እንደማይኖረው ነግረውናል።

የከበደን ነገር ይህ ነው። አጎታችን ከዓመታት በፊት በዚሁ በሽታ ተይዘው ሃያ ወር ገደማ ታክመዋል፤ ለብዙ ወራት በየቀኑ ይወጉ ነበር፤ ከበሽታው ቢድኑም ዛሬ የሚሰሙት ጆሯቸው ሥር ሲጮኽላቸው ብቻ ነው። እሳቸው «ሃያ ወር የፈጀ በሽታ በስድስት ወር አይድንም፤ መድኃኒቱ ቢጠፋ ወይም ቢወደድ ነው እንጂ» ስለሚሉ የቤተሰቡ ልብ ለሁለት ተከፍሏል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ለምን እንዳላገኘው፣ አጭሩ ሕክምና በእርግጥ በሰው ላይ ተፈትኖ እንደሆነና እዚያው ቤት ለሚኖሩት የሦስትና የሰባት ዓመት ልጆቹ የሚደረግ ነገር ካለ የምታውቁ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ነው።

ጦሳ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ደሴ

ፈጣሪ ይማርላችሁ፤ አብሽሩ። እኔ የምመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የማይክሮስኮፕ ምርመራ «የለም» ሲል አልታየም ማለቱ ነው። ባክቴሪያዎቹ በቀለም ከተነከሩ በኋላ በመስታወቱ ላይ እንደ ቀጫጭን ቀይ ዘንጎች ሆነው በዓይን እንዲለዩ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርሱ መሆን አለባቸው። ከዚያ በታች ከሆኑ ጎበዝ ባለሙያም ሊያልፋቸው ይችላል፤ ከአክታ ይልቅ ምራቅ ተሰጥቶ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አያገኛቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የተቀበለው ጂን ኤክስፐርት የሚፈልገው የባክቴሪያውን ዲኤንኤ ነው። አክታው እጥፍ ከሆነ ፈሳሽ ጋር በደንብ ተንጦ 15 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ልጋጉ ቀጥኖ ሲወርድ በካርትሪጅ ተደርጎ ማሽኑ ውስጥ ይገባል፤ ውጤቱም ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይወጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ካርትሪጅ በሚሊ ሊትር 130 ያህል ባክቴሪያ፣ በኋላ የመጣው «አልትራ» የሚባለው ደግሞ 16 ያህል ይበቃዋል። ሪፋምፒሲንን መላመዱንም የሚያውቀው መድኃኒቱ የሚያጠቃውን ኢንዛይም በሚያሠራው ዘረ መል ላይ ለውጥ ሲያገኝ ስለሆነ፣ በካልቸር እንደምናደርገው ባክቴሪያው እስኪያድግ ሳምንታት መጠበቅ የለብንም።

ወንድምህ ከዚህ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዶ የማያውቅና ከተላመደ ቲቢ ታማሚ ጋር ያልኖረ ከሆነ ምርመራው በአዲስ አክታ መደገሙን ጠይቁ። አጎታችሁ አብረው ይኖሩ ከነበረ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት። ሌላው ሳይነሣ ማለፍ የሌለበት የፍሎሮኩዊኖሎን ምርመራ ነው፤ ከአራቱ ክኒኖች አንዱ የሆነው ሞክሲፍሎክሳሲን የዚያ ወገን በመሆኑ ባክቴሪያው እሱንም ለምዶ ከሆነ ክኒኑ ይወጣል። ውጤቱ እስኪመጣ ግን ሕክምናው አይዘገይም።

ገራዶ፣ ፋርማሲስት

የአጎታችሁ ጥርጣሬ በደረሰባቸው ነገር ላይ የቆመ ስለሆነ በአክብሮት ሊመለስላቸው ይገባል። ሲወጉ የነበሩት ካናማይሲንን ወይም የእሱን ዘመድ መሆን አለበት። ይህ ወገን በውስጠኛው ጆሮ ያሉትን ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት ይገድላል፤ እነሱ ደግሞ አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሕክምናው ይረዝም የነበረው በእጃችን የነበሩት መድኃኒቶች ደካሞች ስለነበሩ እንጂ በሽታው በባሕርዩ ሃያ ወር ስለሚጠይቅ አልነበረም።

ነገሩ የተለወጠው ቤዳኲሊን ሲመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ፣ ለቲቢ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ከወጣ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ባክቴሪያው ጉልበት የሚያመርትበትን ኢንዛይም ስለሚዘጋበት አንቀላፍቶ የተደበቀውን ጭምር ያገኘዋል። በ2019 ፕሪቶማኒድ ተከተለ። ሁለቱ ከሊኔዞሊድ ጋር ተጣምረው በደቡብ አፍሪካ «ኒክስ ቲቢ» በተባለው ጥናት ሌላ አማራጭ ላልቀራቸው 109 ሰዎች ለስድስት ወር ሲሰጡ ከመቶ 90ው ጥሩ ውጤት አገኙ። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ በቀን 1,200 ሚሊ ግራም ሊኔዞሊድ ይሰጣቸው ስለነበር ከመቶ 81ዱ የእጅና የእግር ነርቭ ጉዳት ደረሰባቸው። በ2022 የታተመው ቀጣዩ ጥናት መጠኑን በግማሽ ቀንሶ በ600 ሚሊ ግራም ከመቶ 91 የሚሆኑት እንደተሳካላቸውና ጉዳቱም እንደቀነሰ አሳየ። ወንድምህም የሚታዘዝለት ይኸው 600 ነው።

ሞክሲፍሎክሳሲን ተጨምሮ አራት የሆነው ጥምረት በቤላሩስ፣ በኡዝቤኪስታንና በደቡብ አፍሪካ ሰዎችን በዕጣ መድቦ ከነባሩ ሕክምና ጋር ባነጻጸረው «ቲቢ ፕራክቲካል» ተፈተነ። በአዲሱ ከመቶ 89፣ በነባሩ 52 ተሳካላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 መጨረሻ ጥምረቱን በመመሪያው ያስገባው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፣ «ስትሪም» የተባለው ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታልና በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ምዕራፉ ሃያ ወሩን ወደ ዘጠኝና አሥራ አንድ ወር ዝቅ ሲያደርግ የተሳካላቸው በረጅሙ ከመቶ 79.8፣ በአጭሩ 78.8 ሆኑ፤ ማሳጠሩ አልጎዳም ማለት ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ መርፌውን አስወጥቶ ቤዳኲሊን ሲያስገባ ደግሞ ከመቶ 83 ያህሉ ተሳካላቸው፤ መርፌ የነበረው ክፍል 71 ነበር። የመስማት ጉዳት ከመቶ 9 ወደ 2 ወረደ። ለአጎታችሁ የምታነቡላቸው ይህንን ነው።

አዘዋ፣ የሕብረተሰብ ጤና መምህር፣ ደሴ

ገራዶ ያቀረባቸው ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ አነባበባቸው ላይ ግን ጥንቃቄ እጨምራለሁ። ያ «52 ከመቶ» የቀሩት 48ቱ ሞቱ ወይም በሽታው ጸናባቸው ማለት አይደለም። በጥናቱ አቆጣጠር ሕክምናውን ያቋረጠ ወይም በመድኃኒቱ ጉዳት የተነሣ እንዲያቆም የተደረገ ሰው «ያልተሳካለት» ተብሎ ይመዘገብ ስለነበር፣ በነባሩ ክፍል ብዙውን ቁጥር የሞላው ይኸው ማቋረጥ ነው። ታማሚውም ሐኪሙም የትኛው ሕክምና እንደደረሰ ያውቁ ነበር፤ ይህም ነባሩን ለማቋረጥ መንገዱን አቅልሎት ሊሆን ይችላል። «ኒክስ ቲቢ» ደግሞ የሚነጻጸር ክፍል ጨርሶ አልነበረውም።

ይህን የምለው ሕክምናውን ለማጣጣል አይደለም። እኔ ራሴ ብታመም የምመርጠው የስድስት ወሩን ነው፤ ሃያ ወር ክኒን መዋጥ ያላቋረጠው ማን ነው? ነገር ግን እነዚያ 89 እና 91 የተገኙት የታማሚው ደም፣ ልቡና ነርቩ በየጊዜው እየተመረመረ ነው። የተፈተነው ክኒኑ ከነክትትሉ ስለሆነ፣ ክትትሉ በላላበት ቦታ ያንኑ ቁጥር መጠበቅ አይቻልም። ቤተሰቡ ጉልበቱን ማዋል ያለበት የወሩን ቁጥር በመከራከር ሳይሆን እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ገራዶ፣ ፋርማሲስት

በማቋረጡ ነጥብ እስማማለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ታማሚው ሊጨርሰው የማይችለው ሕክምና ያው ደካማ ሕክምና ነውና ማቋረጥን እንደ ውድቀት መቁጠሩ ያን ያህል አድልዎ አይመስለኝም።

ሐይቅ ዳር፣ በተላመደ ቲቢ ክፍል የሠራሁ ነርስ

ክትትሉ ምን እንደሚመስል እኔ ልንገራችሁ። ቤዳኲሊን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በየቀኑ 400 ሚሊ ግራም ይሰጥና ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ 200 ይወርዳል፤ ታማሚዎች የሚሳሳቱት በዚህ ለውጥ ላይ ስለሆነ ቀኖቹን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሚወሰደው ከምግብ ጋር ነው፤ በባዶ ሆድ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። ቤዳኲሊንም ሞክሲፍሎክሳሲንም የልብን ምት ሥርዓት ሊያዛቡ ስለሚችሉ ከመጀመሩ በፊትና በየቀጠሮው ኤሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ይነሣል። ራሱን ስቶ ከወደቀ ወይም ልቡ ከተመታበት ቀጠሮ አይጠብቅ።

ከሁሉ የበለጠ ዓይን የሚፈልገው ሊኔዞሊድ ነው። ደም ስለሚቀንስ የደም ቆጠራ ይደረጋል፤ ነርቭ ስለሚጎዳ የእግሩ ጣት ላይ የሚንቀጠቀጥ ብረት እየተደረገ ይሰማው እንደሆነ ይጠየቃል፤ ባለቀለም ነጠብጣቦች መካከል የተደበቀ ቁጥርም እንዲያነብ ይደረጋል፤ ቀይና አረንጓዴ ከተምታታበት የዓይን ነርቩ እየተነካ ሊሆን ይችላል። የታዘብኩት ችግር ታማሚዎች መደበቃቸው ነው። እግራቸው ሌሊት ሌሊት እየተቃጠለ፣ ጉንዳን የወረራቸው ያህል እየተሰማቸው፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥባቸው ሰግተው «ደህና ነኝ» ይላሉ። በጊዜ ከተነገረ ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ወይም ለጥቂት ጊዜ ማቆም ይችላል፤ ከዘገየ ግን መደንዘዙ አብሮ ይቀራል። በራሱ ፈቃድ ከፋርማሲ የጉንፋን መድኃኒት እንዳይገዛ፤ አንዳንዱ ከሊኔዞሊድ ጋር የደም ግፊት ያስነሣል። ድራፍት ቢራም እንዲሁ።

ይህ ጥምረት ለሁሉም አይሆንም። ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት፣ ቲቢው አንጎል ወይም አጥንት ለገባባቸው ሌላ ሕክምና አለ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ራሳቸው በቲቢ እንዳልተያዙ ይመርመሩ፤ ትንሹ ልጅ ሳይስልም ክብደት በማጣት ብቻ ሊታመም ይችላል። ጤነኛ ከሆኑ በቀን አንድ ጊዜ ሌቮፍሎክሳሲን ለስድስት ወር መስጠት በደቡብ አፍሪካ ሕፃናትና በቬትናም ቤተሰቦች ላይ በተደረጉ ሁለት ጥናቶች ተፈትኗል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ውጤቱ ተስፋ ሰጪ እንጂ ቁርጥ ያለ አልነበረም፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ግን የመታመሙን ዕድል በ60 ከመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2024 ተቀበለው። እናንተ ጋ መሰጠቱን የቲቢ ክፍሉን ጠይቁ። ቢሰጥም ባይሰጥም ለሁለት ዓመት በየጊዜው ይታዩ። ደሴ ያለን ሰዎች ብርዱን ፈርተን መስኮት ደፍነን እንቀመጣለን፤ ኮምቦልቻ ግን ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ ቀን ቀን ወለል አድርጋችሁ ለመክፈት ሰበብ የላችሁም።

ቦርከና (ጠያቂ)፣ ኮምቦልቻ

እጅግ አመሰግናለሁ። የፍሎሮኩዊኖሎኑ ምርመራ አልተነገረንም ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ከኤሲጂው ጋር እጠይቃለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ሥራው እንዳያልፈው ስለሚጨነቅ ወደ ፋብሪካው መመለስ የሚችለው መቼ ነው?

ሐይቅ ዳር፣ ነርስ

ተስማሚው መድኃኒት ከተጀመረ የማስተላለፍ አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፤ ቢሆንም ቀኑን የሚቆርጠው የአክታው ውጤትና የሐኪሙ ውሳኔ ነው። በየወሩ አክታ እየሰጠ ካልቸሩ ነፃ መሆኑ ሲረጋገጥ የሥራ ፈቃድ ወረቀቱን ከዚያው ከሚታከምበት ክፍል ያጽፍ። እስከዚያው ግን በአንድ ፈረቃ አጠገቡ ይሠሩ ከነበሩት መካከል የሚያስለው ካለ ዛሬውኑ ሄዶ እንዲመረመር ንገሩት፤ ሲመረመርም ከተላመደ ቲቢ ታማሚ ጋር መሥራቱን ይናገር፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ ታይቶ እንዳይመለስ።