ከዋሽንግተን ድሬዳዋ ኢንሱሊን ይዞ መሄድ

ጠያቂ፦
እናቴ በሐምሌ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፣ ከዚያ በመኪና ድሬዳዋ ለ21 ቀን ትሄዳለች። በአሜሪካ ሰዓት ማታ 9፡00 ላይ ላንተስ (ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ኢንሱሊን) 20 ዩኒት፣ ከሦስቱም ምግብ በፊት ኖቮሎግ (ለምግብ የሚወጋ ፈጣን ኢንሱሊን) 6 ዩኒት በፔን (ኢንሱሊን በተሞላ ብዕር መሰል መወጊያ) ትወጋለች። ስንት ፔን ትያዝ? የመወጊያ ሰዓቷስ? ቤቱ ፍሪጅ አለው፣ መብራት ግን ይጠፋል።

ፋርማሲስት፦
ከመወጋት በፊት ለሙከራ የሚፈሰውን 2 ዩኒት ጨምረህ አስላ። ላንተስ በቀን 22፣ ኖቮሎግ 24 ዩኒት ይሄዳል፤ ለ21 ቀን 462 እና 504። አንድ ፔን 300 ዩኒት ስለሚይዝ ከየዓይነቱ 2 ይበቃል፤ ቢሰበር ወይም ሙቀት ቢያበላሸው 4፣ 4 ይያዙ። የፔን መርፌ 84 ስለሚያልቅ ሁለት ባለመቶ ፓኬት።

ሁሉም በእጅ ሻንጣ ይሁን። ጭነት ውስጥ ሻንጣው ሊጠፋ ይችላል፤ ኢንሱሊኑ በረዶ ከሠራ ደግሞ ቢቀልጥም ይጣላል። ለማቀዝቀዣ የሚያዘው የበረዶ ጄልም በፎጣ ሳይጠቀለል አይንካው። ፍተሻ ላይ ቀድመው ይናገሩ፤ ለሕክምና የሆነ ፈሳሽና ጄል ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ያልፋል። ስማቸው ያለበት የፋርማሲ ካርቶን አይጣል።

የስኳር ክፍል ነርስ፦
በሐምሌ አዲስ አበባ 7 ሰዓት ትቀድማለች፤ የማታው 9፡00 እዚያ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ወግተው የዚያኑ ዕለት ማታ 3 ሰዓት ቢደግሙ ልዩነቱ 17 ሰዓት ብቻ ስለሚሆን ሁለቱ ዶዝ ይደራረብና ስኳራቸው ይወርዳል። የሚሻለው በአዲስ አበባ ጠዋት 1 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 7፡00) ማድረግ ነው፤ የሚዘገየው 3 ሰዓት ብቻ ነው። ሐኪማቸው ግን አስቀድሞ ይወስን። ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፤ «7፡00» የሚለውን ቤተሰብ የቀን 7 ሰዓት ብሎ እንዳይረዳው!

አውሮፕላን ውስጥ ምግቡ ፊታቸው ሳይቀርብ ኖቮሎግ አይወጉ፤ አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ ማደሉ ይቋረጣል። ስኳራቸው ከ70 (ሚ.ግ/ዴ.ሊ) በታች ከወረደ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ጠጥተው ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለኩ።

ከድሬ፦
የተጀመረ ፔን 28 ቀን የሚቆየው ከ30 ዲግሪ በታች ነው፤ የድሬ ቀን ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ላንተስ ከተጀመረ ፍሪጅ አይገባም። ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጣችሁ መሃሉን በአሸዋ ሙሉት፤ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ፣ ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አኑሩት። ፔኑ በታሰረ ፌስታል ይግባ። ነፋስ ካላገኘ አይቀዘቅዝም።

ያልተከፈተው ፍሪጅ መሃል፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ ይቀመጥ፤ መብራት ሲጠፋ በሩ አይከፈት። መኪና ቆሞ ሲቀር ውስጡ አይተው። የደፈረሰ ይጣላል፤ ንጹሕ መስሎም ስኳራቸው ያለ ምክንያት ከጨመረ አዲስ ፔን ይክፈቱ።