የሰርግ ካርዱ ሰማያዊ ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ! ነገ ጠዋት ይታተማል፣ እባካችሁ ድረሱልኝ

የሙሽሪት ወንድም፦
ሰላም ወገኖች። የእህቴን የሰርግ ጥሪ ካርድ የሠራሁት እኔ ነኝ። 300 ፍሬ ነው። ዛሬ ማተሚያ ቤት ሄጄ ሳምፕል አስወጣሁ። ኮምፒውተሬ ላይ ቁልጭ ያለ ሰማያዊ የነበረው ወይን ጠጅ ሆኖ ወጣ! እህቴ ስታየው እንባዋ መጣ። የሚዜዎቹ ልብስ፣ የአዳራሹ ዲኮር፣ ሁሉም ሰማያዊ ነው። ማሽኑ የተበላሸ ይመስለኛል። ነገ 3 ሰዓት ላይ ሙሉው ይታተማል። ምን ላድርግ?

የአራዳ ልጅ፦
እንኳን ደስ ያላችሁ! ሚዜዎቹን ወይን ጠጅ አልብሷቸው፣ ነገሩ አለቀ። የምር ግን ፋይሉን ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ወደ ማተሚያ ቀለም፣ ቀይረው።

የኦፍሴቱ ሰው፦
ልጄ፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። ስክሪን ብርሃን ነው። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ይደምራል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255። ሦስቱም 255 ሲደርሱ ነጭ ታያለህ። አርጂቢ የምንለው ይሄ ነው። ወረቀት ግን ከራሱ የሚያወጣው ብርሃን የለውም። ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም ነው የሚቀባው፤ ከ0 እስከ 100 በመቶ። ሲኤምዋይኬ የሚባለው ይሄ ነው። ቀለም ብርሃን ይውጣል፤ በደረብክ ቁጥር ይጨልማል። ስክሪን ላይ የምታየው ደማቅ ሰማያዊ በእነዚህ አራት ቀለሞች አይደረስበትም። ይህን ሳያውቅ ፋይል ይዞ የሚመጣ ልጅ በየቀኑ አያለሁ። በጣም ያሳዝነኛል፤ የሚከስረው ደንበኛው ነውና።

ፒክስል፦
ሲኤምዋይኬ አድርገው። ዲዛይን መሥሪያው ኢለስትሬተር ላይ ፋይል፣ ከዚያ ዶክዩመንት ከለር ሞድ።

የሙሽሪት ወንድም፦
ቀይሬዋለሁ እኮ! ሳምፕሉ የወጣው ከቀየርኩት ፋይል ነው።

ቀለሟ፦
የሰማያዊው ኮድ ስንት ነው?

የሙሽሪት ወንድም፦
ሄክሱ አራት ዜሮ፣ ከዚያ ሁለት ኤፍ።

ብሩሽ፦
እኔ የግድ ሲኤምዋይኬ አድርገው በሚለው አልስማማም። ብዙ ዲጂታል ማሽኖች አርጂቢውን ራሳቸው ይቀይሩታል፤ አንዳንዴም የተሻለ ይወጣል። ኦፕሬተሩን ጠይቀው። ካልሆነ የፓንቶን ሰማያዊ አሳትም።

የኦፍሴቱ ሰው፦
ፓንቶን ለብቻው ተበጥብጦ በራሱ ፕሌት የሚታተም ቀለም ነው። ለ300 ካርድ ማን ይከፍላል?

ቀለሟ፦
የሙሽሪት ወንድም፣ ችግርህ ተገኝቷል። ሄክስ የአርጂቢ ሌላ አጻጻፍ ነው። ሁለት ሁለት አሃዝ እያደረግክ ቁረጠው፦ ቀይ ዜሮ፣ አረንጓዴ ዜሮ፣ ሰማያዊ ኤፍኤፍ፣ ማለትም 255። በተራ ስሌት ሲቀየር ሳያን 100፣ ማጀንታ 100 ይሆናል። ኢለስትሬተር በፕሮፋይል፣ ማለትም ለማተሚያውና ለወረቀቱ በተዘጋጀ የቀለም መቀየሪያ ሰንጠረዥ፣ ስለሚያሰላ ትንሽ ይለያል፤ ማጀንታው ግን አሁንም ከፍ እንዳለ ነው። ማጀንታ ሳያንን ሲጠጋ ወረቀት ላይ ወይን ጠጅ ይሆናል።

ስለዚህ ሞዱን መቀየር ብቻውን አይበቃም፤ ቁጥሩን በእጅህ ጻፍ። ሳያን 100፣ ማጀንታ 60፣ ቢጫና ጥቁር ዜሮ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የ30 ልዩነት ይኑር። አንድ ገጽ ላይ ሦስት ሳጥን ሥራ፤ ማጀንታውን 50፣ 60 እና 70 አድርገህ። ካርዱ በሚታተምበት ወረቀት ላይ አስወጣው። ክሬም ወረቀት ከሆነ ሰማያዊው ይደበዝዛል። ከዚያ እህትህን ይዘህ በር ላይ ውጡና በቀን ብርሃን ትምረጥ። የስክሪኑ ድምቀት አይመጣም፤ ይህን አሁኑኑ ንገራት። ሰማያዊ ግን ይሆናል።

የኦፍሴቱ ሰው፦
ትክክል ብላለች። ጽሑፉንም እይ። ከአርጂቢ የመጣ ጥቁር በአራቱም ቀለም ይከፋፈላል። ሲታተም ትንሽ ከተዛነፈ የ«ሜ» እና የ«ኬ» ቀለበት ይደፈናል። ጥቁር 100 ብቻ፣ ሌላው ዜሮ ይሁን።

የሙሽሪት ወንድም፦
ጽሑፉም በአራት ቀለም ነበር! አሁን እያስተካከልኩ ነው። ለቴሌግራም የምንልከውንስ ከዚሁ ልመልሰው?

ቀለሟ፦
አይ፣ ከመጀመሪያው የአርጂቢ ፋይል አውጣው። አንዴ የጠፋ ድምቀት ወደ አርጂቢ ስትመልሰው አይመለስም።

ፒክስል፦
ሲኤምዋይኬ አደረግከው?

ቀለሟ፦
3 ሰዓት አልፏል። እህትህ የትኛውን መረጠች?

የአራዳ ልጅ፦
አሁን ካርድ እያደለ ይሆናል። የእኛ ጥሪስ?

ቀለሟ፦
ስትመለስ የመረጠችውን ቁጥር ጻፍልን። ለሌላ ሰው ሰርግ ይጠቅማል።