ከሰማይ ዓሣ የሚዘንብበት ልብ ወለድ ለፋንታሲ አንባቢ እንዴት ይነበባል?

ዘንዶ ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ፋንታሲ የማነበው ደብተር ይዤ ነው። ካርታውን እገለብጣለሁ፣ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ እጽፋለሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን አስማቱ ምን እንደሚያስከፍል እመዘግባለሁ። ጠንቋዩ እሳት ሲያነድድ የሚቀንሰው ጉልበቱ ነው ወይስ ዕድሜው? ይህን የማይነግረኝ ደራሲ ዕዳ እንዳለበት እቆጥረዋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንዲት ወዳጄ የጃፓናዊውን ደራሲ የሃሩኪ ሙራካሚን «ካፍካ በባሕር ዳርቻ» በእንግሊዝኛ አዋሰችኝ። ናካታ የሚባል ሽማግሌ አለ፤ ማንበብና መጻፍ አይችልም፣ ከድመት ጋር ግን ቁጭ ብሎ ያወጋል። ለአንድ ወጣት ፖሊስ ነገ ዓሣ ይዘንባልና ጃንጥላ እንዳይረሳ ይመክረዋል። በማግስቱ ቶክዮ ላይ ሰርዲን ወረደ! ማን አዘነበው? በምን ኃይል? ምንስ ከፈለበት? እንዲህ እያልኩ 31 ጥያቄ ጻፍኩ። መጽሐፉ አለቀ፤ አንዱንም መሰረዝ አልቻልኩም። ሦስት ቀን አኮረፍኩ። የድመቶቹ ወግ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ልተወው ወይስ ሌላ ልሞክር?

የማታ አንባቢ፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2002 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ አሳታሚው አንባቢዎች ጥያቄ የሚልኩበት ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር። ከ8,000 በላይ ጥያቄ ጎረፈ፤ ሙራካሚ ከ1,200 ለሚበልጡት ራሱ መልስ ጽፏል። ምክሩ ደጋግማችሁ አንብቡ የሚል ነው። ያንተ 31 ምን አላት! ለማንኛውም «የዓለም መጨረሻ» የምትባል ከተማ ያለችበትን እ.ኤ.አ. የ1985ቱን ልብ ወለዱን ሞክር። ግንብ አላት፣ በረኛ አላት፣ ባለ አንድ ቀንድ እንስሳትም አሏት።

ባለ ጥንዚዛው፦
እኔ ደግሞ ሙራካሚን ለጊዜው ተወው እላለሁ። ሌላው ጃፓናዊ ደራሲ ኮቦ አቤ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመውን «የአሸዋዋ ሴት» አንብብ። ጥንዚዛ ፍለጋ የወጣ መምህር አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ካለች ቤት ያድራል፤ ሲነጋ የወረደበት የገመድ መሰላል የለም። ድግምት ብሎ ነገር አታገኝም። የአሸዋው ቅንጣት 1/8 ሚሊ ሜትር መሆኑ ሳይቀር ተጽፏል። ዋጋ ለምትለው ደግሞ፣ አሸዋ ካልዛቅህ ውኃ አይወርድልህም። ከዚህ የጠራ ሕግ የትኛው ጠንቋይ አለው?

ዘንዶ ወዳጅ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አሸዋውን ለሚቀጥለው ወር አቆይቼ ትናንት ማታ ከተማዋን ጀመርኩ። በረኛው የሰውየውን ጥላ በቢላ ከአካሉ ለየው፤ ያ የተቆረጠ ጥላ ደግሞ ባለቤቱን ካርታ ሥራልኝ ይለዋል! ሳቄ መጣ። ደብተሬን አውጥቼ ግንቡን ስያለሁ፤ አሁን ወንዙ ላይ ነኝ። ጥያቄዎቹን ከ32 ቀጥያለሁ።