የውሃ ቀለሜ ቶሎ እንዳይደርቅብኝ ምን ልጨምርበት?

ሰላም ወገን፣ በውሃ ቀለም የምትሥሉ ካላችሁ እባካችሁ እርዱኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ነው። በበጋ አየሩ በጣም ደረቅ ስለሆነ ሰፊ ሰማይ ስቀባ ገና ታች ሳልደርስ ላይኛው ይደርቅና መሃል ላይ ጠርዝ ይሠራብኛል። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም፣ ንጹህ ጥጥ ነው።

ከፋርማሲ ግሊሰሪን ገዝቼ ውሃው ውስጥ ጠብ አደረግኩ። መድረቁን አዘገየልኝ፣ ግን ሥዕሉ በማግስቱም ጣት ላይ ይይዛል፤ ሌላ ወረቀት ላዩ ሳስቀምጥበት ተጣበቀ። ማርም ያው ነው፣ እርጥበት ይስባል። የግራር ሙጫ በሙቅ ውሃ አቅልጬ ስጨምር ደግሞ ቀለሙ ደመቀ፣ አንጸባረቀ፣ በጣም ነው ደስ የሚለው! ወፈር ካለ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ቀለሙ ላይ ጨው ልበትን ብል ወረቀቱ ገና በእርጥበት እያብለጨለጨ ካልሆነ አበባ የመሰለ ቅርጽ አያወጣም፣ ያቺ ደቂቃ ደግሞ እዚህ ወዲያው ነው የምታልፈው።

የበሬ ሐሞት ቀለሙ በደንብ እንዲፈስ ያደርጋል እንጂ መድረቁን አያዘገይም አይደል? ግሊሰሪንና ሙጫ አብራችሁ የምትጠቀሙ፣ ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ስንት ጠብታ ብታደርጉ ነው የማይጣበቀው? ወይስ ሁሉንም ትቼ ወረቀቱን ከጀርባውም ጭምር ባርሰው ይሻላል?